«ያሸነፈ አይነቀፍም» ለሚሉን

«ያሸነፈ አይነቀፍም» የሚል ሕግ በመካከላችን ከወጣ ሰነበተ። ማን እንዳረቀቀው፣ ማን እንዳጸደቀው አይታወቅም። ነገር ግን በየዓመቱ የበረዶ ሆኪው ወቅት ሲከፈት ሥራ ላይ ይውላል። የምንደግፈው ቡድን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ጨዋታዎች ስድስቱን ያሸንፋል፤ ቴሌቪዥኑ ያለበት ክፍል በጩኸት ይናወጣል፤ ከዚያ አንዱ ምስኪን ከጥግ ሆኖ «እንዴ፣ ተከላካዩ እኮ ወንፊት ነው! በረኛው ባይኖር አልቆልን ነበር» ይላል። ወዲያው ይወረድበታል። ጨለምተኛ ይባላል፤ ሟርተኛ ይባላል፤ «አንተ መቼም የሰው ደስታ ያምሃል» ይባላል። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ይጠጣል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ምስኪን ጥብቅና የቆመ ነው። ወገንተኛ ነው፤ ወገንተኛነቱንም አይደብቅም። ክርክሬ ባጭሩ ይኸ ነው፦ ድል ማስረጃ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በወቅቱ መባቻ የተገኘ ድል ደግሞ ከማስረጃም ደካማው ማስረጃ ነው። ተከላካይ መስመሩ እያፈሰሰ የሚያሸንፍ ቡድን ከተሸነፈው ቡድን ይበልጥ ሂስ ያስፈልገዋል። የተሸነፈው ሕመሙን ያውቀዋል፤ ያሸነፈው ግን አያውቀውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

«ለመሆኑ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ሆኪ ምን አስጻፈህ?» የሚል አይጠፋም። አንደኛ ነገር፣ በትር ይዞ በባላጋራ ወገን ላይ ለማግባት መራኮት ለእኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የገና ጨዋታችንስ ምንድን ነው? በረዶና መንሸራተቻ ጫማ ባይኖረውም ቆልማማ በትር አለው፣ ሩር አለው፣ ሁለት ወገን አለው። በዚያ ሜዳ ላይ ጌታ ቢመታም ቢተረብም እንደማይቆጣ ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። አያቶቻችን ጌቶቻቸውን በገና ሜዳ ሲተርቡ፣ እኛ የልጅ ልጆቻቸው በሚሊዮን ዶላር የተቀጠረ ተከላካይን «ፐኩን ለባላጋራ አስረከበ» ማለት ነውር ሆኖብናል! ሁለተኛ ነገር፣ ይህች መጽሔታችን የቆመችው ለሂስ ነው። ሂስ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደማይገባ የማትከራከር የሥነ ጽሑፍ መጽሔት የሠርግ ካርድ ብታባዛ ይሻላት ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከታሪኩ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምሳሌዬ የቶሮንቶው ሜፕል ሊፍስ ነው። ብዙ የሐበሻ ልጅ የሚኖርባት፣ በዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የእንጀራ ሽታ የሚያውድባት ከተማ ቡድን ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ክርክራችንን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መስተዋት ስለሌለ ነው።

ሜፕል ሊፍስ በ2013 ወደ ጥሎ ማለፍ ገባ። ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያው ነበርና ከተማዋ ልትፈነዳ ደረሰች። የመጀመሪያው ዙር ባላጋራ ቦስተን ነበር። ሜይ 13 ቀን 2013 በተደረገው ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቶሮንቶ 4 ለ 1 ይመራ ነበር። ቦስተን አንድ አገባ፤ 4 ለ 2። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀር ቦስተኖች በረኛቸውን አስወጥተው በምትኩ አጥቂ አስገቡና በ31 ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ጎል አከታተሉ። በጭማሪው ሰዓት ፓትሪስ ቤርዠሮን አምስተኛውን ጨመረና ነገሩ አለቀ። 5 ለ 4።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንዱ «ይኸ ቡድን ግፊት ሲመጣበት ፐኩን ከራሱ ሜዳ ማውጣት አይችልም» አለ። ሌላው «ዕድላችን ጠመመ እንጂ ደርሰን ነበር» አለ። የቡድኑ አስተዳደር ከሁለተኛው ወገን ሳይሆን አልቀረም፤ ሥራው ይመሰክራል። በዚያው ክረምት መሐል ሜዳ ላይ ፐኩን ይዞ ወደ ፊት የሚያደርሰውን ሚካኢል ግራቦቭስኪን የውሉን ሒሳብ ከፍሎ አሰናበተው። ዴቪድ ክላርክሰን የተባለውን ታጋይ አጥቂ ግን ለሰባት ዓመት በ36 ሚሊዮን 750 ሺሕ ዶላር አስፈረመው። ከሎስ አንጀለስም ጆናታን በርኒየ የተባለ ጎበዝ በረኛ መጣ።

ወቅቱ በኦክቶበር 2013 ተከፈተ። ሦስቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች ተከታትሎ አሸነፈ። ከሰባቱ ስድስቱን አሸነፈ። ኧረ ማን ይናገር! ከተማው በሙሉ ሰማያዊ ለበሰ። ነገር ግን ቁጭ ብለው የሚቆጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱም «ቆይ፣ ቆይ፣ ባላጋራ በየጨዋታው ከእኛ አብልጦ እየተኮሰ ነው፤ ይኸ አይዘልቅም» አሉ። ምን ተባሉ መሰላችሁ? ጨለምተኛ፣ ሟርተኛ፣ በረዶ ረግጠው የማያውቁ ሒሳበኞች። ያው የእኛው ሕግ እዚያም ሠርቷል።

ወቅቱ ሲያልቅ ቁጥሩ እንዲህ ሆነ። በቶሮንቶ ግብ ላይ በየጨዋታው በአማካይ 36 ያህል ኳስ፣ ማለቴ ፐክ፣ ተተኮሰ። ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ይኸን ያህል የተተኮሰበት አልነበረም። እሱ የተኮሰው 28 ያህል ብቻ ነው። ማርች 13 ቀን 2014 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲያሸንፍ 36 አሸናፊነት፣ 24 ሽንፈት፣ 8 ደግሞ በጭማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈበት ነበረውና ጥሎ ማለፉ በእጁ ያለ ይመስል ነበር። በዚያው ጨዋታ ግን በርኒየ ተጎዳና ወጣ። ከዚያ በኋላ ስምንት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። ከቀሩት 14 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለት ብቻ ነው። በ84 ነጥብ ከጥሎ ማለፍ ውጭ ቀረ። በዓመቱ ያገባው 231፣ የገባበት 256። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ማለት ይኸ ነው።

«በረኛው ባይጎዳ ኖሮ» የሚሉ አሉ። መልካም፤ እስቲ ሒሳቡን በጣታችን እናስላው። በርኒየ በዚያ ዓመት ከተተኮሰበት 100 ውስጥ 92 ያህሉን ያድን ነበር፤ የሊጉ አማካይ 91 ገደማ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ደኅና በረኛ 36 ሲተኮስበት በጨዋታ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጎል ይገባበታል። ያው በረኛ 28 ቢተኮስበት የሚገባበት ሁለት ከሩብ ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በ82 ጨዋታ አባዙት፤ ከ50 ጎል በላይ ይሆናል። ቡድኑ ዓመቱን የጨረሰው በ25 ጎል ዕዳ ነበር። ተከላካይ መስመሩ መካከለኛ እንኳ ቢሆን ዕዳው ተከፍሎ ትርፍ ይኖር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የበረኛው መጎዳት ቤቱን አላፈረሰውም፤ ቤቱ በአንድ ምሰሶ ቆሞ እንደ ነበረ አሳየ እንጂ። በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ውስጥ ሆኖ «ምሰሶው ባይሰበር ኖሮ» ማለት ምን ዓይነት ክርክር ነው?

«ስድስት ለአንድ አሸንፎ የጀመረ ቡድን ግን እንዴት ደካማ ይባላል?» ይሉናል። ሳንቲም አውጡ። ዘውድና ጎፈር ብላችሁ ሰባት ጊዜ ወርውሩ። ከሰባቱ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ከ16 አንድ ነው። በዚያን ዓመት ሊጉ 30 ቡድን ነበረው። ሠላሳው ሁሉ በረዶውን ትቶ ሳንቲም ብቻ ቢወረውር እንኳ ሁለት ያህሉ ወቅቱን በዚያ ድንቅ ውጤት ይከፍቱት ነበር። እኛም ለሳንቲሙ ማልያ ገዝተን እንለብስ ነበር! በሰባት ጨዋታ በሁለቱም ወገን የሚገባው ጎል 40 ቢሆን ነው፤ በ40 ጎል ላይ አንድ የተነካካ ፐክ፣ አንድ የግቡ ብረት ብዙ ያዛባል። የሚተኮሰው ግን ከ400 በላይ ነው። አራት መቶው ከአርባው በፊት እውነቱን ይናገራል። ቆጣሪዎቹ ነቢያት አልነበሩም፤ የሚበዛውን ቆጠሩ፣ በቃ።

ለዚህ አቆጣጠር የወጣለት ስም ኮርሲ ነው። ስሙ የተወሰደው የባፋሎ ቡድን የበረኞች አሠልጣኝ ከነበረው ከጂም ኮርሲ ነው። ግቡ ላይ የደረሰውን፣ የሳተውን፣ በተከላካይ አካል የተመለሰውን ሙከራ ሁሉ ደምሮ የእኛ ስንት፣ የእነሱ ስንት ብሎ ማነጻጸር ነው። ምሥጢር የለበትም። ፐኩ የት እንደሚውል ይነግረናል። ፐኩ የሚውለው በእኛ ሜዳ ከሆነ ደግሞ ውሎ አድሮ የሚሆነውን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻም።

አሁን ወደ ብልሁ ተከራካሪ ልምጣ። ሞኙ «አሸንፈናል አርፈህ ተቀመጥ» ይላል፤ ለእሱ መልስ አያስፈልገውም። ብልሁ ግን እንዲህ ይላል፦ «እኛ ሆን ብለን ነው የምናስተኩሳቸው። ከዳር ይተኩሱ፤ በረኛችን ጎበዝ ነው፤ እኛ ጥቂት ተኩሰን ጥሩ ተኩሰን እናገባለን። ብዛት ሌላ፣ ጥራት ሌላ።» ይኸ የረባ ክርክር ነው፤ ባዶ ነገር አይደለም። በእርግጥም ከዳር የተተኮሰና ከበረኛው አፍንጫ ሥር የተተኮሰ እኩል አይደለም። ነገር ግን ለክርክሩ ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛው፦ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ተጫዋቾቹ ለምን ይተነፍሳሉ? እስቲ ዓይናችሁን ከፐኩ ላይ አንሡና ተከላካዩን ተመልከቱ። ፐኩን በራሱ ሜዳ ጥግ ይቀበላል። ሁለት ባላጋራ ይመጣበታል። መሐል አጥቂው ወደ ታች ወርዶ እንዳያግዘው ቀድሞ ወደ ፊት ሸሽቷል፤ ጎል ያምረዋላ! ተከላካዩም ፐኩን በመስታወቱ ላይ አላግቶ ወደ መሐል ይወረውረዋል። እዚያ የሚጠብቀው ማን ነው? የባላጋራ ተከላካይ። ፐኩ ተመልሶ ይመጣል። በሆኪ ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መቀየር አለበት፤ ፐኩ ካልወጣ ግን መቀየር አይቻልም። እግሩ ይዝላል፤ የዛለ እግር ባላጋራን በበትር ይጎትታል፤ ዳኛው ሁለት ደቂቃ ያስቀምጠዋል፤ አሁን አምስት በአራት ሆነ። ይኸ ስልት ነው? ይኸ መከበብ ነው። የተከበበ ሰው «ጠላትን ሆን ብዬ ደጄ ድረስ አስጠጋሁት» ቢል ማን ያምነዋል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ በየጨዋታው 36 ጊዜ አጥሩ የሚነቀነቅ ቤት ባለቤት ስለ ስልት ባያወራ ይመረጣል።

ሁለተኛው፦ ክርክራችሁ ትክክል ከሆነ መፈተኛው ምንድን ነው? «ጥራት» ያላችሁት ነገር በረኛው ሲለወጥ፣ ዕድል ስትለወጥ፣ ወሩ ሲለወጥ መቆም አለበት። የቶሮንቶው ጥራት ግን ከበረኛው ጋር አብሮ ታሞ ተኛ። መፈተኛ የሌለው ክርክር እምነት ይባላል። እምነት ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለው፤ በረዶ ሜዳ ላይ አያስፈልገውም።

«ቶሮንቶ እርግማን ያለበት ቡድን ነው፤ ከአንድ ቡድን ተነሥቶ ሕግ ማውጣት አይቻልም» ትሉ ይሆናል። ጥሩ፤ ሌሎችንም እንጥራ። የሚኒሶታ ዋይልድ በዲሴምበር 2011 ላይ 20 አሸንፎ፣ 7 ተሸንፎ፣ 3 በጭማሪ ጥሎ ከሊጉ ሁሉ በላይ ተቀምጦ ነበር። በባላጋራ እየተበለጠ የሚያሸንፍ ቡድን መሆኑን ቆጣሪዎቹ ያን ጊዜም ተናግረዋል። ከቀሩት 52 ጨዋታዎች ያሸነፈው 15 ነው። 81 ነጥብ፤ ከጥሎ ማለፍ ውጭ። ኮሎራዶ አቫላንሽ ደግሞ በ2013 መኸር፣ በአዲሱ አሠልጣኝ በፓትሪክ ሯ እጅ፣ ከ13 ጨዋታ 12ቱን አሸንፎ ጀመረ። ይኸኛው ዓመቱን በሙሉ ዘለቀ፤ 112 ነጥብ ሰበሰበ፤ ሯም የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ። «ይኸው! የታል ሟርታችሁ?» የተባለበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ከሚተኩሰው ይልቅ የሚተኮስበት ቡድን ነበር፤ የተሸከመው በረኛው ሴምዮን ቫርላሞቭ ነው። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር በሚኒሶታ ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በ90 ነጥብ ከነጭራሹ ቀረ። ዕዳ አንዳንዴ በአምስተኛው ወር ይጠየቃል፣ አንዳንዴም በዓመቱ። ሳይጠየቅ የቀረበት ግን ጥቂት ነው።

ተገላቢጦሹንም እዩ። የሎስ አንጀለስ ኪንግስ በ2011 መጨረሻ ላይ አሠልጣኙን ያባረረ፣ ደጋፊው ያኮረፈበት ቡድን ነበር። በዚያ ወቅት ከሊጉ ቡድኖች ከእሱ ያነሰ ያገባው አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን ፐኩን ይይዝ ነበር፤ ባላጋራን በራሱ ሜዳ ያውል ነበር። ከምዕራቡ ስምንተኛ ሆኖ፣ በጭራው ተንጠልጥሎ ወደ ጥሎ ማለፍ ገባ፤ በጁን 2012 የስታንሊን ዋንጫ አነሣ። በ2014 ደገመው። በውጤት ብቻ የሚፈርድ ሰው ይኸን ቡድን በዲሴምበር ይቀብረው ነበር። እንግዲህ ያሸነፈ አይነቀፍም የሚለው ሕግ ሌላኛው ፊት ይኸ ነው፤ የተሸነፈ አይመሰገንም። ሁለቱም ዕውር ናቸው።

አንድ የሚፈሩት ምስክር አለ፤ ተቃዋሚዎቼ ሁልጊዜ የሚጠሩት። «ኤድመንተንስ? ዌይን ግሬትስኪስ? እነሱ መከላከል ያውቁ ነበር? አገቡ፣ አገቡ፣ አሸነፉ!» ምስክሩን እኔም እጠራዋለሁ። ኤድመንተን ኦይለርስ በ1981-82 ወቅት 417 ጎል አገባ፤ ከ400 በላይ ያገባ የመጀመሪያው ቡድን ነው። ግሬትስኪ ብቻውን 92 አገባ። 111 ነጥብ ሰበሰበ። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር የገጠመው 63 ነጥብ ብቻ የነበረው ሎስ አንጀለስ ነው። ኤፕሪል 10 ቀን 1982፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ኤድመንተን 5 ለ 0 ይመራ ነበር። አምስት ለዜሮ! በጭማሪ ሰዓት 6 ለ 5 ተሸነፈ፤ ከዚያም ከውድድሩ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ለፍጻሜ ደርሶ በኒው ዮርክ አይላንደርስ 4 ለ 0 ተጠረገ፤ በአራት ጨዋታ ያገባው ስድስት ጎል ነው። ግሬትስኪ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ በአሸናፊዎቹ ክፍል በር ሲያልፉ ፌሽታ አላዩም፤ በረዶ የታሰረበት ጉልበትና ትከሻ ነው ያዩት። ለድል ምን እንደሚከፈል የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በ1984 እንደገና ከአይላንደርስ ጋር ለፍጻሜ ተገናኙ። በዚያ ወቅት 446 ጎል አግብተው ነበር፤ እስከ ዛሬ ያልተደፈረ ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን የፍጻሜ ጨዋታ በስንት አሸነፉ? 1 ለ 0። በረኛው ግራንት ፉር አንድም አላስገባም። ዋንጫውንም ወሰዱ። ምስክራችሁ ለማን መሰከረ?

አሁን ከሁሉ የከፋውን ልናገር። «ምናለ፣ ጨዋታ አይደል? ለጊዜው ብንደሰትስ ምን ይጎዳል?» የሚለው የዋህ ጥያቄ ነው። መደሰትን ማን ከለከለ? እልል በሉ! ነገር ግን ያልተመረመረ ድል የሚጎዳው ደስታን አይደለም፤ ውሳኔን ነው። ቶሮንቶ ድሉን አምኖ ግራቦቭስኪን ሸኘ። ድሉን አምኖ ክላርክሰንን ለሰባት ዓመት አሰረ፤ ክላርክሰን በመጀመሪያ ዓመቱ በ60 ጨዋታ 5 ጎል አገባ። ድሉን አምኖ ለድብድብ እንጂ ለጨዋታ ብዙም የማይፈለጉ ሰዎችን አሰለፈ፤ እነሱ ጥቂት ደቂቃ ሲጫወቱ የቀሩት ደከሙ። ከውድቀቱ በኋላ እንኳ በሜይ 2014 ለአሠልጣኙ ለራንዲ ካርላይል ውል ጨመረለት። ጃንዋሪ 6 ቀን 2015 ደግሞ 21 አሸንፎ 16 ተሸንፎ ሳለ፣ ማለትም እያሸነፈ፣ አባረረው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ ይነሣሉ፦ «ይኸው አባረራችሁት፤ ከዚያ ምን ሆነ? ከ42 ጨዋታ 9 ብቻ አሸነፈ፤ በ68 ነጥብ ጨረሰ። ሂሳችሁ ምን ረዳ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ለእኔ ነው የሚሆነው። ሂሱ በ2013 ሲነገር ሰሚ አላገኘም፤ ሰሚ ያገኘው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ጥፋቱም የአንድ ሰው ስላልነበረ አንዱን ሰው በማባረር አልተፈወሰም። ሂስ በጊዜው ሲሆን መድኃኒት ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲሆን የአስከሬን ምርመራ ነው። ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ይኸው አይደል? ቁጥርም ጣዖት አይደለም፤ ቁጥር አምላኪን ከድል አምላኪ አብልጬ አላየውም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ዓይናችንን ወደ ትክክለኛው ቦታ፣ ወደ ዛለው እግርና ወደ ሸሸው አጥቂ፣ እስከ መራን ድረስ ነው።

የመጨረሻው ክስ የክህደት ክስ ነው። «ደጋፊ ይደግፋል፤ መንቀፍ የጠላት ነው።» በዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሆኪ የሚያልፈው፤ ለዚህም ነው ብዕር ያነሣሁት። የምናደንቀውን ነገር ሁሉ በዚህ ሕግ እየገዛነው ነው። ጓደኛችን አንድ ግጥም ያነባል፤ ይጨበጨብለታል። ሦስተኛው መስመር ቤት እንዳልመታ፣ ሐሳቡ ከመሐል እንደ ተሰበረ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ተጨብጭቧል፤ አሸንፏል፤ ያሸነፈ አይነቀፍም። እሱም ያንኑ ግጥም ዓመት ሙሉ በየመድረኩ ያነባል። ሌላው ለፈተና ሳያጠና ይገባል፤ አራቱን ምርጫ ዓይኑን ጨፍኖ ያከባል፤ ያልፋል። «ማለፉ ነው ቁም ነገሩ» እንለዋለን። ማለፉማ አለፈ! ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሳንቲሙ ጎፈር የወጣ ዕለት ማን አብሮት ይቆማል? ያን ጊዜ «ይኸስ ድሮም አይረባም» የምንለው እኛው ነን። በድል ጊዜ ዝም ያለ አፍ በሽንፈት ጊዜ ደፋር ይሆናል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ክህደትስ ይኸ ነው።

ሂስ የሚከብደው በድል ጊዜ ነው፤ የሚጠቅመውም ያን ጊዜ ነው። የሚሸነፍን ቡድን ተከላካዩ ደካማ ነው ለማለት ምን ድፍረት ያስፈልጋል? የውጤት ሰሌዳው ብሎታል። እያሸነፈ ሳለ፣ ወዳጆችህ እየዘለሉ ሳለ፣ «ደስ ብሎኛል፤ ግን ይኸ ቀዳዳ ይደፈን» ማለት ነው የወዳጅ ሥራ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው ሟርተኛ አልነበረም፤ ንብረቱን የሚወድ ሰው ነበር።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። ቡድናችን ሲያሸንፍ እንጨፍር። ጭፈራው ሲያበቃ ግን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ፐኩ በማን ሜዳ ዋለ? በረኛው ቢታመም ምን ይቀረን ነበር? ይኸው ጨዋታ አሥር ጊዜ ቢደገም ስንቱን እናሸንፍ ነበር? ሦስቱንም በደስታ የሚመልስ ቡድን ያለን ዕለት ሟርተኛውም ዝም ይላል። ጥያቄዎቹን ለግጥማችንም፣ ለጥናታችንም፣ ለማኅበራችንም ብናውላቸው አንጎዳም።

ተቃውሞ ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ሲጽፍ ግን «አሸንፈናል» ብሎ እንዳይጀምር አደራ፤ እሱን ሰምተናል።